የወንዙን ነገር ለጎረቤታችን እንንገር

ከእንጦጦ የሚነሡት ቀበናና ግንፍሌ በስድስት ኪሎና በአራት ኪሎ አቅራቢያ አልፈው መጨረሻቸው ታላቁ አቃቂ ነው። ታላቁና ትንሹ አቃቂም በአባ ሳሙኤል ግድብ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ይወርዳሉ፤ አዋሽም ወደ ቆቃ ሐይቅ ይገባል። በዚሁ መንገድ ላይ የአቃቂ ውሃ ጎመንና ቆስጣ፣ ሰላጣም ያጠጣል፤ አትክልቱም ተመልሶ ወደ ከተማው ገበያ ይመጣል። እንግዲህ ከድልድይ ላይ አፍንጫችንን ይዘን የምናልፈው ውሃ ዞሮ ዞሮ ማዕዳችን ላይ ይገኛል ማለት ነው።

ሕዝቡን ስለ ውሃ ንጽሕና ማስተማር አያስፈልግም የሚል የለም። ጥያቄው ምን እናስተምር የሚለው ነው። የተለመደው ትምህርት «ቆሻሻ አትጣሉ፤ ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ» የሚል ነው። መልካም ነው፤ ነገር ግን ጎዶሎ ነው። ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል እንጂ ከቆዳ ማልፊያ የሚወጣውን ክሮም ወይም እርሳስን አያስወግድም። የጠራና ሽታ የሌለው ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም፤ እያሳሳቁ መውሰድ የውሃ ልማድ ነውና።

ደግሞም ትምህርቱ ወቀሳ ብቻ መሆን የለበትም። መጸዳጃ በሌለው ሰፈር፣ በወንዝ ዳር የሚኖር ሰው የቆሻሻን ክፋት ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል። የጎደለው ማስረጃና መብቱን ማወቅ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ለሁሉ ሰጥቷል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ፣ ጉዳቱ በግሌ ደርሶብኛል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ማንም ሰው በበካይ ላይ አቤቱታ ማቅረብ እንዲችል ደነገገ። ከወንዝ ዳር ነዋሪዎች ይህን የሰማ ስንቱ ነው?

በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት እየላከ አስተማሪ ያደርገው ነበር። ዛሬ ከእኛ የሚፈለገው ከዚያ እጅግ ይቀላል፤ ድልድዩን መሻገር ብቻ ነው። የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ተማሪዎች በክረምትና በበጋ ከወንዙ ናሙና ይቅዱ፤ መምህሮቻችንም የላቦራቶሪውን በር ይክፈቱላቸው። የሕግ ተማሪዎች አዋጁን በቀላል አማርኛ ያስረዱ። ውጤቱ በመደርደሪያ ላይ አቧራ ከሚጠጣ፣ እድርተኛው በተሰበሰበበት ይነበብ፤ የነዋሪውም ጥያቄ ተጽፎ ወደ ክፍላችን ይምጣ። እርሱ ወንዙ መቼ ቀለሙን እንደሚለውጥ፣ ከየትኛውም ቱቦ ምን እንደሚፈስ ያያል፤ እኛ ደግሞ የፈሰሰው ምን እንደ ሆነ መርምረን መንገር እንችላለን። አንዱ ያለ ሌላው ምስክርነቱ ሙሉ አይሆንም።

ባልንጀሮቻችን ሆይ፣ ጎረቤትን ለማስተማር የሚነሣ ሰው በቅድሚያ ደጁን ያያል። ከመኝታ ቤታችን፣ ከምግብ ቤታችንና ከላቦራቶሪያችን የሚወጣው ፍሳሽ ወዴት እንደሚሄድ እንጠይቅ። የመጀመሪያውም ናሙና ከዚያው ይቀዳ።