ቁልፉ በማን እጅ ነው?

የተወደድሽ እህታችን፣ ለዛሬ ብዙዎቻችሁ ደጋግማችሁ የምታነሡትን ጥያቄ ይዘን ቀርበናል። «ስልክ ልገዛ ነው፤ አይፎን ይሻለኛል ወይስ አንድሮይድ?» የሚል ነው። ስልክ ለአንቺ ጌጥ አይደለም። የእናትሽ ድምፅ፣ የልጅሽ ፊት፣ የላክሽው ገንዘብ ደረሰኝ፣ የፓስፖርትሽ ፎቶ፣ በጭንቅ ቀን የምትደውይበት ቁጥር ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

አንዲት እህት የገጠማትን እናስቀድም። የሦስት ወር ደመወዟን አጠራቅማ ያገለገለ አይፎን ገዛች። ጥቂት ወራት በደኅና ሠራላት። አንድ ቀን የመክፈቻ ቁጥሩን ረስታ ለጠጋኝ ሰጠችው። ጠጋኙ አጥፍቶ እንደ አዲስ ሲያስጀምረው፣ ስልኩ የቀድሞውን ባለቤት ኢሜይልና የይለፍ ቃል ጠየቀ። ሻጩን ብትጠይቀው «እኔ ምን አውቃለሁ» አላት። ስልኩ የእርሷ ነበር፤ ቁልፉ ግን የሌላ ሰው።

ይህ ብልሽት አይደለም። የተሰረቀ ስልክ ለሌባ እንዳይጠቅም አፕል እ.ኤ.አ. በ2013 ያስገባው መቆለፊያ ነው። አንድሮይድም ከ2015 ወዲህ ተመሳሳይ አለው። ስለዚህ ያገለገለ ስልክ ስትገዢ፣ ብሩን ከመስጠትሽ በፊት ሻጩ የቀድሞውን አካውንት አውጥቶ፣ ስልኩን ከፊትሽ አጥፍቶ እንደ አዲስ ያስጀምርልሽ። እንቢ ካለ ትተሽው ሂጂ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ እንመለስ። አይፎን በ2007 የወጣ ሲሆን ስልኩንም የሚያንቀሳቅሰውንም ፕሮግራም የሚሠራው አፕል ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ማሻሻያው በአንድ ጊዜ ለሁሉም ይደርሳል፤ ለዓመታትም ይዘልቃል። ጉዳቱ ዋጋው ነው። ሚሞሪ ካርድ አይቀበልም፤ ፎቶሽን በኢንተርኔት የምታስቀምጪበት ነፃ ቦታም 5 ጊጋባይት ብቻ ነው።

አንድሮይድ የጉግል ሲሆን ሳምሰንግ፣ ሻኦሚ፣ ቴክኖና ሌሎችም ይሠሩበታል። ስለዚህ በየኪሱ አቅም ይገኛል። ብዙዎቹ ርካሽ ስልኮች ሚሞሪ ካርድ ይቀበላሉ፤ የጉግል ነፃ ቦታም 15 ጊጋባይት ነው። ጉዳቱ ማሻሻያው እንደየፋብሪካው መለያየቱ ነው። ሳምሰንግ በ2024 ላወጣው ጋላክሲ ኤስ 24 የ7 ዓመት ማሻሻያ ቃል ገብቷል፤ አንዳንድ ርካሽ ስልኮች ግን ቶሎ ይረሳሉ። ማሻሻያ የቀረበት ስልክ ደግሞ ለሌባ በሩ ገርበብ ያለ ቤት ማለት ነው።

«ስሙ አይፎን ነው» ብለሽ ያረጀውን አትግዢ። ዋትስአፕ ከ2025 ወዲህ እንደ አይፎን 6 ባሉ አሮጌ ስልኮች ላይ አይሠራም። ገንዘብሽ ትንሽ ከሆነ ከአሮጌ አይፎን ይልቅ ማሻሻያው ለዓመታት የሚዘልቅ አዲስ አንድሮይድ ይሻልሻል። አቅሙ ካለሽና ስልኩን ለረጅም ጊዜ የምትይዥው ከሆነ፣ ያላረጀ አይፎን ገንዘብሽን አያስቆጭሽም። ወደ ሀገር ቤት የምትልኪው ከሆነ ደግሞ የሲም ካርድ ማስገቢያውን እዪ። በ2025 የወጣው አይፎን 17 በሳዑዲ፣ በኤምሬትስ፣ በኩዌትና በኳታር ሲሸጥ ማስገቢያ የለውም፤ የሚሠራው በኢሲም ብቻ ነው።

ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው የምትቀይሪ ከሆነ አሮጌውን ቀድመሽ አትሽጪ። የዋትስአፕ መልእክት ከአንድሮይድ ጉግል ላይ፣ ከአይፎን ደግሞ አይክላውድ ላይ ስለሚቀመጥ፣ ሁለቱም ስልኮች በእጅሽ እያሉ ማዛወር ይሻላል።

የመጨረሻው ዋናው ነው። አካውንቱን በራስሽ ስም፣ በራስሽ ኢሜይል ክፈቺ። ባለ ሱቁ «እኔ ልክፈትልሽ» ቢልሽ፣ ማዳምም «በእኔ ይሁን» ብትልሽ፣ በትሕትና «በራሴ ይሁንልኝ» በያቸው። ደግሞም ኮንትራትሽ ሲያልቅ የዚህ ሀገር ሲም ይዘጋል። የማረጋገጫ ቁጥር የሚላከው ወደዚያ ብቻ ከሆነ ሀገርሽ ገብተሽ ከራስሽ አካውንት ውጭ ትቀሪያለሽ። ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት የምታምኚውን የቤተሰብ ቁጥር ጨምሪበት። የይለፍ ቃልሽንና አስፈላጊ ስልክ ቁጥሮችን በደብተር ጽፈሽ ከልብስሽ መካከል አስቀምጪ፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ ይወሰዳልም።

እንግዲህ እህታችን፣ ሱቅ ስትገቢ አስቀድመሽ «የቱ ያምራል?» አትበዪ። «ቁልፉ በማን እጅ ነው? ስንት ዓመትስ ይቆየኛል?» ብለሽ ጠይቂ።