ስላረፈው ፈረሰኛ ሥዕል

ኤዱዋር ዴታይ የተባለው ፈረንሳዊ ሠዓሊ (በፈረንጅ አቆጣጠር 1848–1912) የአገሩን ሠራዊት ሲሥል ዕድሜውን የፈጸመ ሰው ነው። ከ1885 እስከ 1889 በታተመው የፈረንሳይ ሠራዊት መጽሐፍ ፈረሰኛውንም እግረኛውንም በውጊያ ብቻ ሳይሆን በዕረፍቱም አሳይቷል፤ በ1888 «ሕልም» ብሎ በሰየመው ታላቅ ሥዕሉም ወታደሮች ጠመንጃቸውን በረድፍ አቁመው በሜዳ ተኝተው ይታያሉ። ይህን ያዩ አንዳንድ ሰዎች፥ «የእኛ ሠዓሊዎች ፈረሰኛን ከኮርቻው አውርደው ማሳረፍ አያውቁበትም፤ የቅዱስ ጊዮርጊስም ሆነ የዐድዋው ፈረስ ዘወትር ይጋልባል» እያሉ ይነቅፋሉ።

መጋለቡስ እውነት ነው። ነገር ግን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ያለው ፈረስ የማያርፈው ሠዓሊው ማሳረፍ ስላቃተው አይደለም፤ ሰማዕቱ ድል ሲነሣ እንጂ ሲደክም ሊታይ አልተሣለምና። ጻድቁን በሁለት ዓይን፥ ዓመፀኛውን በአንድ ዓይን የሚሥል እጅ የሚሠራውን ያውቃል።

የነቃፊዎቹ ትልቁ ስሕተት ግን ሌላ ነው፤ ዕረፍትን ሁሉ ንጹሕ አድርገው ያያሉ። ፈረሰኛ በአገራችን የት ያርፍ ነበር? የዴታይ ወታደር የመንግሥቱን እንጀራ ይበላል፤ የእኛው ያረፈው በገበሬ ቤት ነው። በጀማና በወንጪት ገደል መካከል ባለው በመርሐ ቤቴም ቢሆን፥ ወታደሩ በመደቡ ላይ ጋደም ሲል ባለቤቱ በገዛ ደጁ ቆሞ ትእዛዝ ይጠብቃል፤ ሚስቲቱ ሌሊቱን ስትፈጭ ታድራለች፤ ለዘር የተቀመጠው ገብስ ለፈረሱ ይሰፈራል። ጌታው በፈረሱ ስም አባ ታጠቅ፥ አባ ዳኘው ተብሎ ይወደሳል፤ ገብሱን ለሰጠው ገበሬ ግን ስም የሚያወጣለት አልተገኘም።

ይህ ሐሜት አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሩ ገበሬውን ከመዝረፍ ተከልክሎ በደመወዝ እንዲያድር አስበው ነበር፤ ዐፄ ምኒልክም በክፉው ቀን ማብቂያ፥ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1892፥ አሥራትን የደነገጉት ገበሬው ወታደር ከማስተናገድ እንዲያርፍ ነው። ሸክም ባይኖር የሚያቀልለው ሕግ ባላስፈለገ። ሕጉ ከወጣ በኋላም ልማዱ በአንድ ቀን አልጠፋም።

እንግዲህ የፈረንጁን ፈረሰኛ ከነመስኩ ገልብጦ ሸማ ማልበስ ሰሙን ወስዶ ወርቁን መተው ነው። የዓለም ከተማ ወጣት ሠዓሊ ያረፈ ፈረሰኛ መሣል ቢወድ ጎጆዋን ይሣል፤ ጦሩ ከምሰሶው ተደግፎ፥ ፈረሱ በደጅ ገብሱን ሲቆረጥም፥ ሴቲቱ ከወፍጮው ላይ ጎንበስ ብላ ትታይ። በበሩ የቆመውንም ገበሬ በሁለት ዓይን ይሣለው።