መሪውን መኪናው ሲይዝ ኃላፊነቱ የማን ነው?

ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑ በጥር 2016 ዓ.ም. ይፋ ከተደረገ ወዲህ በባትሪ የሚሠሩ መኪኖች በመንገዶቻችን ላይ በብዛት መታየት ጀምረዋል። ስለነዚህ ተሽከርካሪዎች አዘውትረው የሚነሡት ጥያቄዎች ስለ ባትሪው ዕድሜ፣ ስለ መለዋወጫና ስለ ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ናቸው። ከመኪኖቹ ጋር አብሮ የገባው ሌላ ጉዳይ ግን እምብዛም ሲነሣ አይሰማም። ይኸውም መኪናው በራሱ ፍጥነቱን የሚመጥንበት፣ መስመሩን የሚጠብቅበት፣ በአንዳንድ ሞዴሎችም አሽከርካሪው እጁን ከመሪው እንዲያነሣ የሚፈቅድበት የአሽከርካሪ ረዳት ሥርዓት ነው።

ሥርዓቱ የመንገዱን መስመሮች በካሜራ ያነባል፤ ከፊት ካለው ተሽከርካሪ ያለውን ርቀት ደግሞ በአብዛኛው በራዳር ይለካል። በዓለም አቀፍ ደረጃ የተሽከርካሪዎች ራስ-ሰር አሠራር ከ0 እስከ 5 በሚደርሱ ስድስት ደረጃዎች ይመደባል። ዛሬ በገበያ ላይ ያሉት «እጅ አልባ» የሚባሉ ሥርዓቶች በአመዛኙ ደረጃ 2 ላይ ይገኛሉ። በዚህ ደረጃ መኪናው ይረዳል እንጂ አይነዳም፤ ነጂው ምንጊዜም ሰው ነው። እጅ ማንሣት የተፈቀደ ቢሆንም ዓይን ከመንገዱ ማንሣት አልተፈቀደም።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የፎርድ ኩባንያ ብሉክሩዝ የተሰኘው ሥርዓት ነው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ሙስታንግ ማክ-ኢ በተባለው የኤሌክትሪክ መኪና ላይ እንዲሠራ ስትፈቅድ፣ አገልግሎቱ አስቀድሞ ካርታቸው በተዘጋጀ 3 ሺህ 700 ኪሎ ሜትር ያህል አውራ ጎዳናዎች ብቻ የተወሰነ ነበር። አሽከርካሪው ወደ መንገዱ እየተመለከተ መሆኑንም በመኪናው ውስጥ ያለ ካሜራ ይከታተላል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ታክሎበት እንኳ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በየካቲትና በመጋቢት 2024 ይኸው ሥርዓት በርቶ ይጓዙ የነበሩ ሁለት ማክ-ኢ መኪኖች በሳን አንቶኒዮና በፊላደልፊያ በሌሊት ቆመው ከነበሩ ተሽከርካሪዎች ጋር ተጋጭተው የሦስት ሰዎች ሕይወት አልፏል። የአገሪቱ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደርም በሥርዓቱ ላይ ምርመራ ከፍቷል።

በሁለቱም አደጋዎች የተመታው የቆመ ተሽከርካሪ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ራዳር የሚንቀሳቀስን ነገር ከማይንቀሳቀስ ለመለየት የፍጥነት ልዩነትን ይጠቀማል። የመንገድ ምልክት፣ የድልድይ አካልና የብረት አጥር ሁሉ የቆሙ ናቸው። ሥርዓቱ ለእያንዳንዳቸው ፍሬን ቢይዝ ጉዞው አይቻልም፤ ከኋላ የሚመጣውም መኪና ይጋጫል። ስለዚህ አንዳንድ አምራቾች በከፍተኛ ፍጥነት ጊዜ ለቆመ ነገር የሚሰጠው ምላሽ እንዲገደብ አድርገዋል። በአሜሪካው ምርመራ እንደተገለጸው የብሉክሩዝ ገደብ የሚጀምረው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚህ ፍጥነት መኪናው በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ያህል ይጓዛል።

ቻይናም ጉዳዩን በቅርብ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 መጨረሻ በአንሁዌ ክፍለ ሀገር በሰዓት 116 ኪሎ ሜትር በረዳት ሥርዓት ይጓዝ የነበረ የሻዎሚ ኤሌክትሪክ መኪና ለጥገና በተዘጋ መስመር ላይ ከኮንክሪት አጥር ጋር ተጋጭቶ ሦስት ሰዎች ሞተዋል። ማስጠንቀቂያው ከተሰማበት እስከ ግጭቱ የነበረው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። በቀጣዩ ወር የአገሪቱ የኢንዱስትሪና ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር አምራቾችን ሰብስቦ የረዳት ሥርዓቶችን ችሎታ አጋንኖ ማስተዋወቅ እንዲቆም አሳስቧል። ወደ ኢትዮጵያ ከሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ከዚያው ገበያ የሚመጡ በመሆናቸው ማሳሰቢያው ለእኛ አገር ገዢም ይመለከተዋል።

የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ አገልግሎት የሚሰጥ፣ በአጥር የተከለለና የመሄጃና የመመለሻ መስመሮቹ የተለያዩ መንገድ በመሆኑ ለእንዲህ ያለው ሥርዓት የሚመች ይመስላል። ሆኖም ተበላሽቶ የቆመ የጭነት መኪና በዚያም ያጋጥማል። ከፍጥነት መንገዱ ሲወጣ ደግሞ ከብት፣ እግረኛ፣ ጋሪና ባጃጅ አብረው የሚጠቀሙበት ጎዳና ይጀምራል። በአገራችን ተሽከርካሪ ሲበላሽ ከኋላው ድንጋይ ወይም ቅጠል ማስቀመጥ የተለመደ ነው። አሽከርካሪ ቅጠሉን ከሩቅ ባየ ጊዜ ነገሩ ይገባዋል፤ ይህን ልማድ ለማያውቅ ካሜራ ግን ቅጠሉ ቅጠል ብቻ ነው።

በተለይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ከፊት የሚሄደው መኪና መስመር ሲቀይር ነው። ረዳት ሥርዓቱ ያንን መኪና እየተከተለ ፍጥነቱን ቀንሶ ይቆያል፤ መኪናው ዞር ሲል መንገዱ የተከፈተ መስሎት ወደ ተሞላለት ፍጥነት ይመለሳል። ከፊት የነበረው አሽከርካሪ መስመር የቀየረው ግን የቆመ ከባድ መኪና አይቶ ሊሆን ይችላል። የኤሌክትሪክ ሞተር ያለ ድምፅና ያለ መዘግየት ፍጥነት ስለሚጨምር አሽከርካሪው ለመንቃት የሚያገኘው ጊዜ ይበልጥ ያጥራል።

ለቻይና ገበያ ተመርተው በነጋዴዎች በኩል የገቡ መኪኖች ሌላም ችግር አላቸው። የስክሪናቸው ቋንቋ ብዙውን ጊዜ ቻይንኛ ነው፤ ማስጠንቀቂያው ቢወጣም አሽከርካሪው ላያነበው ይችላል። በካርታ ላይ የተመሠረተው አገልግሎትም ካርታው ባልተዘጋጀበት አገር አይሠራም፤ የሚቀረው መስመር መጠበቅና ርቀት መመጠን ብቻ ይሆናል። እርሱም ቀለሙ የጠፋ መስመር፣ ከባድ ዝናብ ወይም የቆሸሸ መስታወት ሲያጋጥመው ያለ ብዙ ማስታወቂያ ሊለቅ ይችላል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የባለ ሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ። «ሥርዓቱ ይነዳ ነበር» የሚለው መልስ ተጎጂው ካሳ ከመጠየቅ አያግደውም። ባለቤቱ ከአምራቹ ጋር የሚኖረው ክርክር ራሱን የቻለ ሌላ ጉዳይ ነው።

መኪና ለመግዛት የተዘጋጀ ሰው እንግዲህ ሻጩን ስለ ባትሪው ብቻ ሳይሆን ስለዚህም ሊጠይቅ ይገባል፤ ሥርዓቱ እጅ በመሪ ላይ እንዲቆይ የሚጠይቅ ነው ወይስ አይደለም? የማስጠንቀቂያው ቋንቋ ሊቀየር ይችላል? የፊት መስታወት ከተቀየረ ካሜራውን መልሶ የሚያስተካክል ባለሙያ አለ? ሻጩ «ራሱ ይነዳል» ብሎ ከመለሰ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ የሚለውን መመልከት ያስፈልጋል፤ ደረጃ 2 በሆነ መኪና መመሪያ ላይ እንዲህ ያለ ቃል አይገኝም።