ተረት ነጋሪዋ መንደር ውስጥ አለች

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ ምንጭ ውሃ አጠባበቅ አንብበናል። ዛሬ የምናነበው ስለ መጽሐፍ ነው። መጽሐፍ ስንል የትምህርት ቤቱን መማሪያ ማለታችን አይደለም። ለልጆች ስለሚጻፍ የተረት መጽሐፍ ነው። መጽሐፉንም ይዘው አገር ለአገር ስለሚዞሩ ደራሲዎች ነው።

በደባርቅም ሆነ በዳባት፣ በስሜን ተራሮች ግርጌም ባሉት ቀበሌዎች፣ ተረት የማይታወቅበት ቤት የለም። ማታ ከብቱ ይገባል። እሳት ይነዳል። ቆሎ ይቆረጠማል። ያኔ አያ ጅቦና እመት ጦጢት ይመጣሉ። ልጆች ይስቃሉ፣ ይፈራሉ፣ ይማራሉ። ነገር ግን ልጁ በማግስቱ ትምህርት ቤት ሲሄድ፣ ትናንት ማታ የሰማውን ተረት በመጽሐፍ የሚያገኘው ስንት ጊዜ ነው? ታዲያ ማን ይጻፍለት? የዛሬው ጥያቄያችን ይሄ ነው።

መጀመሪያ ስለ አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ እንንገራችሁ። የተወለዱት በነገሌ ቦረና ነው። ከመማሪያ መጽሐፍ ሌላ፣ ለደስታ የሚነበብ መጽሐፍ በእጃቸው የገባው በ19 ዓመታቸው ነው። ኋላ በሱዳን በኩል ተሰደው አሜሪካ ገቡ። በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተቀጥረው በልጆች ክፍል ሠሩ። እዚያ የብዙ አገር ልጆች በየቋንቋቸው መጽሐፍ አላቸው። አቶ ዮሐንስ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ቢፈልጉ ግን አጡ።

ምን አደረጉ? ራሳቸው ጻፉ። ቂሉ ማሞ የተባለውን የአገራችንን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ ጎን ለጎን አድርገው አሳተሙ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ደግሞ በስጦታ የተገኙ 15 ሺህ ያህል መጻሕፍት ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ሾላ በሚባለው ሰፈር፣ በሚኖሩበት ቤት፣ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ።

በዚህም አላበቁም። ቤተ መጻሕፍቱ ከተማ ውስጥ ነበር። ሩቅ ያለው ልጅስ? ስለዚህ በሐዋሳ አካባቢ ጋሪ ተሠራ። ጋሪው መጽሐፍ ተደረደረበት። የሚጎትቱት አህዮች ነበሩ። ልጁ ወደ መጽሐፉ መሄድ ቢያቅተው፣ መጽሐፉ ወደ ልጁ ሄደ ማለት ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ሲኤንኤን የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን አቶ ዮሐንስን ከዓመቱ 10 ጀግኖች አንዱ ብሎ መረጣቸው።

እስቲ ይሄን ወደ እኛ አገር እናምጣው። ወደ ላይኛው ስሜን ጋሪ አይወጣም። በቅሎና አህያ ግን ይወጣሉ። የጎብኚውን ድንኳንና ስንቅ ተሸክመው ከደባርቅ ወደ ተራራው የሚሄዱት እነሱ አይደሉም እንዴ? ገብስ የተጫነበት ጀርባ 20 እና 30 መጽሐፍ አይከብደውም።

ሁለተኛዋ ደራሲ ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ሌርድ ይባላሉ። የብሪታንያ ሰው ናቸው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ አስተማሪ ነበሩ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ተመልሰው መጡ። በብሪትሽ ካውንስል እገዛ ከክልል ክልል እየዞሩ ተረት ሰበሰቡ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ተራኪው በገዛ ቋንቋው ይናገራል። አስተርጓሚው ይተረጉማል። ደራሲዋ ይጽፋሉ። ከተሰበሰቡት ተረቶች በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፉ የንባብ መጻሕፍት ለአገራችን ትምህርት ቤቶች ተዘጋጁ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ደራሲዋ ያን ሁሉ መንገድ የመጡት የእናንተ ዓይነት ሰው የሚያውቀውን ለመስማት ነው። ተረት ለማወቅ የክፍል ደረጃ አይጠየቅም። ደራሲዋ በሚያውቁት ቋንቋ ጻፉ፤ ደግ አደረጉ። ነገር ግን የእኛ ልጅ የአያቱን ተረት በአያቱ አነጋገር ማንበብ የለበትም? ያንን ሊጽፍ የሚችል እዚሁ ያለ ሰው ነው። ውርጭ እንዴት ገብስ እንደሚመታ፣ ጭላዳ እንዴት ከገደል ገደል እንደሚዘል፣ እዚህ የኖረ ነው የሚያውቀው።

በውጭ አገር ትምህርት ቤቶች አንድ ደግ ልማድ አላቸው። ደራሲ ይጋብዛሉ። ደራሲው መጥቶ ለልጆቹ ያነባል። ልጆቹ ይጠይቃሉ። መጽሐፍ ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ሰው የሠራው መሆኑን በዓይናቸው ያያሉ። «እኔም እችላለሁ» የሚል ሐሳብ ያድርባቸዋል። እኛ ግን ደራሲ ከሩቅ እስኪመጣ ለምን እንጠብቃለን? ተረት ነጋሪዋ መንደር ውስጥ አለች። አሁን ደግሞ ፊደል ለይታለች። አንድ ቀን ራሷ የጻፈችውን ይዛ በልጅ ልጇ ክፍል ፊት ቆማ ብታነብስ?

አንዳንድ እናቶች እንዲህ ይሉናል። «ልጄ፣ እኔ ገና ትናንት ፊደል የለየሁ፣ ምኑን ጻፍኩት?» እማማ፣ ሥራው እኮ ሁለት ነው። አንዱ ማወቅ ነው፤ ሌላው መጻፍ ነው። ማወቁን ከእኛ ከአስተማሪዎቻችሁ አልፋችሁ ታውቃላችሁ። የቀረው ትንሹ ነው።

ሌላም ምክንያት አለን። በ1971 ዓ.ም. ታላቁ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እጅግ ብዙ ሰው ፊደል ቆጠረ። ነገር ግን የሚያነበው ያጣ ሰው ነበር፤ የቆጠረው ፊደል ጠፋበት። ያልታረሰ መሬት ዳዋ እንደሚውጠው ማለት ነው። የሚነበብ ነገር ከሌለ እኛው እንሥራው።

እንዲህ አድርጉ።

1ኛ. በዚህ ሳምንት አንድ ተረት ምረጡ። አጭር ይሁን።

2ኛ. አንዱ ይናገር፣ አንዱ ይጻፍ። ቃሉን አታሳምሩት፤ እንደተነገረ ጻፉት።

3ኛ. ለቤቱ ልጆች አንብቡላቸው። ልጅ ያልገባውን ይጠይቃል። የጎደለውን ሙሉ።

4ኛ. ከታች የተራኪውን ስም፣ የቀበሌውን ስምና ቀኑን ጻፉ። ይሄ አይረሳ። ተራኪው ቢያልፍ እንኳ ስሙ ከተረቱ ጋር ይኖራል።

5ኛ. ወረቀቶቹን በመርፌና በክር ስፉ። መጽሐፍ ማለት ይኸው ነው።

አሥር ቤት አንድ አንድ ቢጽፍ አሥር ተረት ይሆናል። አሥሩን ለትምህርት ቤቱ ስጡ። ትምህርት ቤቱ ለጎረቤት ቀበሌ ያውስ። ያን ጊዜ የዳባት ተረት ደባርቅ ይነበባል፤ የደባርቁም ወደ ተራራው ይወጣል።

አዲስ ቃላት

ደራሲ፦ መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው።
ተራኪ፦ ታሪክ ወይም ተረት የሚናገር ሰው።
አስተርጓሚ፦ የአንዱን ቋንቋ ለሌላው የሚያስረዳ ሰው።

ለውይይት

1. አቶ ዮሐንስ የልጆች መጽሐፍ የጻፉት ለምንድን ነው?
2. ወደ እናንተ ቀበሌ መጽሐፍ በምን ሊደርስ ይችላል?
3. በሰፈራችሁ ብዙ ተረት የሚያውቀው ማን ነው? ተረቱን እስካሁን የጻፈለት አለ?

በሚቀጥለው ሳምንት በደህና ያገናኘን።