ነጥቡ ዝቅ ያለ ተማሪ በባሕር ማዶ ትምህርቱን ሊቀጥል ይችላልን?

በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪና በጌዶ የሚኖሩ ወላጆች ልጃቸው ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቀ በኋላ በብርቱ የሚጨነቁበት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም አማካይ ነጥቡ ከ3.00 በታች የሆነ ልጅ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ውጭ አገር የመሄድ ተስፋው ፈጽሞ ተቆርጧልን የሚለው ነው። ጭንቀቱ የሚከፋው ደላላ በመካከል ሲገባ ነው፤ «ነጥቡን እኔ አስተካክላለሁ» ባለ ጊዜ በሬ ይሸጣል፤ ሐሰተኛ ማስረጃም ይሠራል። ማስረጃው የደረሰው ዩኒቨርሲቲ ግን የአገር ቤቱን ሬጅስትራር ጠይቆ እውነቱን ሊያገኝ ይችላል፤ ያን ጊዜ በሬውም የለ፣ የልጁም ስም አይድን።

እንግዲህ እውነተኛውን ነገር እንመልከት። በአሜሪካ ብዙዎቹ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ከ4.00 ቢያንስ 3.00 ይጠይቃሉ። በጀርመን አገር ደግሞ የእኛን ነጥብ በስሌት ወደ ራሳቸው ይለውጡታል፤ በዚያ 1.0 ከሁሉ የሚበልጠው፣ 4.0 የመጨረሻው ማለፊያ ነው። ከ4.00 ላይ የልጁ ነጥብ ይቀነሳል፤ ቀሪው ለ2 ይካፈላል፤ በ3 ይባዛና 1 ይጨመርበታል። ስለዚህ 3.00 ያለው 2.5 ይሆናል፤ 2.60 ያለው ግን 3.1። ብዙ የትምህርት ክፍሎች 2.5ን ወሰን ስለሚያደርጉ፣ ወላጅ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ይህን በወረቀት ቢያሰላ ይበጀዋል።

ይሁን እንጂ ወሰኑ በሁሉ ዘንድ አንድ አይደለም። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ነጥብ ለይተው የሚመለከቱ አሉ፤ በመጀመሪያ ተሰናክሎ በኋላ የተነሣ ልጅ በእነዚህ ዘንድ ተስፋ አለው። በአገር ቤት ሁለተኛ ዲግሪን በመልካም ነጥብ ፈጽሞ ለሦስተኛው ማመልከትም ይቻላል። እኔ ይህን መንገድ ከሌላው አስበልጣለሁ፤ ቢዘገይም ጽኑ ነውና። ነጥቡ የወረደበትን ምክንያት በማመልከቻው ውስጥ በሁለት ወይም በሦስት ዐረፍተ ነገር መግለጽ ይበቃል፤ ልቅሶ አይጻፍበት።

ከዚህም ይልቅ ብዙ የሚመዝነው የልጁን ሥራ በዓይኑ ያየ መምህር ምስክርነት ነው። ለምሳሌውም ሩቅ መሄድ አያሻንም። እ.ኤ.አ. በ1950 በምዕራብ ሸዋ በወሎንኮሚ የተወለዱት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ በሣር ቤት ያደጉ፣ ለትምህርት በየሳምንቱ 20 ኪሎ ሜትር በእግር ይጓዙ የነበሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 ከአለማያ ኮሌጅ ተመረቁ፤ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲው የማሽላ ተመራማሪ ጆን አክስቴል የአገራችንን የማሽላ ዓይነቶች ሲሰበስቡም ረዷቸው። አክስቴል ትጋታቸውን ባዩ ጊዜ ተማሪያቸው አድርገው ወሰዷቸው። ፕሮፌሰሩ እ.ኤ.አ. በ1978 የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ፤ ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማዳቀላቸውም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው። ነጥባቸው ዝቅተኛ ነበረ ማለቴ አይደለም፤ በሩን የከፈተላቸው በማሳ ላይ የታየው ሥራ መሆኑን ለማመልከት ነው።

ዛሬም በአምቦና በባኮ የእርሻ ምርምር ማዕከሎች አሉ። እርሻ ተምሮ ቤት የተቀመጠ ልጅ በዚያ የረዳትነት ሥራ ቢያገኝ፣ ደመወዙ ቢያንስም፣ ስለ እርሱ በእውነት የሚጽፍለት ሰው ያገኛል። ወደ ውጭ አገር መምህራን ደብዳቤ ሲልክም አንዱን ቃል ለሃምሳ ሰው አይበትን፤ የአንዱን መምህር ጥናት አንብቦ ስለዚያው ይጻፍለት።