የሐመር ሙሽራ አልበም የት ገባ?

ጂንካ ከተማ ላይ ፎቶ አንሺ ሰርግ ካነሳ አልበሙ ሙሽሮቹ ቤት ይገባል። ወደ ቱርሚና ዲመካ ሲወረድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሐመር ወጣት በተደረደሩ ከብቶች ጀርባ ላይ ሮጦ ካልተሻገረ ሚስት አያገባም፤ የከብት ዝላዩ የጋብቻው በር ነው። ያን ቀን ከብቦ የሚያነሳው በአብዛኛው ቱሪስት ነው። ከፍሎ ያነሳል፣ ይሄዳል። የዘላዩ እናት እጅ የሚገባ ፎቶ የለም።

"ተከፍሏቸዋል እኮ!" ይባላል። ክፍያውም የራሱ ጣጣ አለው። አንትሮፖሎጂስቱ ዴቪድ ተርተን የሙርሲና የቱሪስት ግንኙነት ምቾት የራቀው መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2004 ጽፎ ነበር። ሙርሲዎች ለካሜራ ሲሉ በአዘቦት የማያደርጉትን ጌጥ ይደራርባሉ። ገበያው የጠየቀውን ያቀርባሉ፤ ማን ይፈርድባቸዋል? ምስሉን "ዶክመንታሪ" ብሎ መሸጥ ነው ነውሩ።

ደግሞስ ገላውን በነጭ አፈር ቀብቶ፣ ጌጡን መርጦ የሚቆመው ወጣት የራሱን ምስል የፈጠረው ራሱ አይደለም? ከፎቶው ስር ግን የሚጻፈው የአንሺው ስም ነው፤ እሱ "የሙርሲ ወጣት" ተብሎ ይቀራል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። አስጎብኚው እንግዳውን ሲያመጣ የብሩን መጠን ብቻ ሳይሆን የሚታተመውን ኮፒና የባለፎቶውን ስምም ይደራደር። ቤተሰቡ "አይነሳም" ካለም ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ይቆይ።