ደሙ ንፁህ ነው ወይ? ጉበቱስ ጤነኛ ነው ወይ?

ዛሬ የላብራቶሪ ወረቀታችሁ ላይ ኤስጂፒቲ ወይም ኤኤልቲ ተብሎ ስለሚጻፈው የጉበት ኢንዛይም ላውራችሁ። የጉበት ሴሎች ሲጎዱ ኢንዛይሙ ደም ውስጥ ይጨምራል፤ ምን እንደጎዳቸው ግን አይናገርም።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በደም የሚተላለፍ፣ ሄፓታይተስ ኤም ቢም ያልሆነ የጉበት በሽታ ነበር። ቀጥታ ምርመራ ስላልነበረው የደም ባንኮች ለጋሾችን በዚህ ኢንዛይም ማጣራት ጀመሩ። ቁጥሩ ከተቀመጠው ጣሪያ ካለፈ ደሙ ለታካሚ አይሰጥም ነበር።

ችግሩ፣ ቁጥሩ በሁሉም ማህበረሰብ እኩል አይደለም። እዚያው አሜሪካ፣ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ሰዎች በአማካይ ከሌላው ከፍ ይላሉ። አንዱ ምክንያት ጉበት ላይ የሚከማች ስብ ነው፤ ለዚህ የሚያጋልጥ የዘረመል ዓይነትም እነሱ ላይ በብዛት ይገኛል። ለሁሉም አንድ ጣሪያ ሲቀመጥ፣ ቫይረስ የሌለበት ደማቸው ከሌላው ይልቅ ይጣላል ማለት ነው።

"ታዲያ ለየዘሩ የተለያየ ጣሪያ ይውጣ" የሚል አይጠፋም። እኔ አልስማማም። ከፍ ያለው ቁጥር በከፊል እውነተኛ ሕመም ነው። ጣሪያውን ከፍ ብናደርግላቸው፣ ስቡ ጉበታቸውን እየጎዳ "ኖርማል ናችሁ" ብለን መሸኘታችን ነው።

የሚሻለው ሁለቱን ጥያቄዎች መለየት ነው። ለደሙ ቫይረሱን ራሱን መፈለግ፤ ለሰውየው ደግሞ ክትትል። የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ በ1989 ታወቀ፣ በቀጣዩ ዓመት ምርመራው መጣ፤ በ1995 ደግሞ የአሜሪካ ባለሙያዎች ጉባኤ ለጋሾችን በኢንዛይም ማጣራት ይቁም አለ።

እኛ ጋር የተለገሰ ደም ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ፣ ለሄፓታይተስ ሲና ለቂጥኝ ይመረመራል። ክሊኒክ ውስጥ የምሰማው ስህተት ግን የዚሁ ግልባጭ ነው፦ "ዶክተር፣ ኤስጂፒቲዬ ኖርማል ነው፣ ጉበቴ ነፃ ነው አይደል?" አይደለም! ሄፓታይተስ ቢ ኢንዛይሙ ኖርማል ሆኖ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል።

ስለዚህ፦
👉 ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ቢል አትደንግጡ፤ ግን ዝም አትበሉ። ክብደት፣ መጠጥ፣ መድኃኒት፣ ቫይረስ፣ ሁሉም ይታይ።
👉 ኖርማል ቢሆንም የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ አንዴ አድርጉ። ነፃ ከሆናችሁ ክትባት አለ።
👉 ደም ባንክ ውጤታችሁን ሊነግራችሁ ከጠራችሁ ሂዱ። ጥሪው ለእናንተ ጉበት ነው።

ለወዳጅ ዘመድ ሼር አድርጉ። ጤና ይብዛላችሁ!